ላክቲክ አሲድ ደም ውስጥ ሲበዛ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ፋርማሲ ውስጥ ነው ምሰራው፣ እነዚህ ከባንኮኒው ማዶ ሆነው ሰዎች ደጋግመው ሚጠይቁኝ ናቸው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ላክቲክ አሲድ ራሱ ምንድነው? በሽታ ነው እንዴ?

አይደለም። ይቺን እያነበባችሁ ራሱ ሰውነታችሁ እየሰራው ነው። ሴሎቻችን ከስኳር ጉልበት ሲያወጡ ኦክስጅን ከበቃቸው እስከ መጨረሻው ያቃጥሉታል፣ ኦክስጅን ካነሰ ወይም ጉልበቱ በአስቸኳይ ከተፈለገ ደሞ ግማሽ መንገድ ላይ ያቆሙትና ላክቴት ይሆናል። (ላብራቶሪ ወረቀት ላይ ላክቴት ተብሎ ነው ሚጻፈው፣ ግራ እንዳይገባችሁ።) ቀይ የደም ሴሎች እስከ መጨረሻ ማቃጠያው ክፍል ስለሌላቸው ተኝታችሁም ላክቴት ያወጣሉ። ጉበት እሱን ሰብስቦ መልሶ ስኳር ያደርገዋል፣ ኩላሊት ያግዘዋል፣ ልብም እንደ ነዳጅ ይጠቀምበታል፣ ስለዚ ቆሻሻ ነው ሚባለውን ተዉት።

ችግሩ ሚመጣው ሚመረተው ሚጸዳውን ሲበልጥ ነው። ክረምት ላይ መንገዱ ውሃ ሚሞላው ወይ ዝናቡ ከልክ በላይ ሆኖ ነው ወይ ቦዩ ተደፍኖ ነው አይደል፣ ብዙ ጊዜ ደሞ ሁለቱም። ይሄም እንደዛው ነው።

ታቦር ተራራ ስወጣ ጭኔን ሚያቃጥለኝ እሱ ነው? በማግስቱስ ደረጃ መውረድ ሚያቅተኝ?

የመጀመሪያው ላይ እጁ አለበት፣ ሁለተኛው ላይ የለበትም። በሩጫ ስትወጡ ጡንቻ ላክቴት ያመርታል፣ አብሮት ሚመጣው አሲድነት ለማቃጠሉ አስተዋጽኦ አለው፣ በጣም ከባድ ሩጫ ላይ ደም ውስጥ ያለው መጠን ከ15 ሚሊሞል በሊትር ሊያልፍ ይችላል፣ ይሄ እረፍት ላይ ካለው ከ10 እጥፍ በላይ ነው፣ ግን አናቱ ላይ ቆማችሁ ሐይቁን እያያችሁ ውሃ ስትጠጡ መውረድ ይጀምርና በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዝም ብሎ ከመቀመጥ ቀስ ብሎ መራመድ ቶሎ ያወርደዋል።

በማግስቱና በሶስተኛው ቀን ሚያማችሁ ግን ጡንቻው ጥቃቅን ጉዳት ደርሶበት እየጠገነ ስለሆነ ነው፣ በተለይ ቁልቁለት ስትወርዱ ነው ሚጎዳው። ጡንቻ ሲደክም ላክቲክ አሲድ እንደሚከማች ከመቶ ዓመት በፊት በእንቁራሪት ጡንቻ ታይቶ ነበር፣ ከዛ ወዲህ የጡንቻ ህመም በሙሉ እሱ ላይ ተላከከ። ጂም ውስጥ "ላክቲክ አሲዱን እናስወጣልህ" ብለው ማሳጅ ሲያደርጉላችሁ ማሳጁ ደስ ይላል፣ ግን በማግስቱ ሚወጣ አሲድ የለም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፣ ከከባድ ስፖርት በኋላ ሽንታችሁ ኮካ ከመሰለ ያ ሌላ ነገር ነው፣ ጡንቻ ፈርሶ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል በዛው ቀን ታዩ።

እርጎና ቆጮ ላይ ያለውስ? ደሜ ውስጥ ይከማቻል?

አይከማችም። ስሙም የወጣው ከወተት ነው፣ በፈረንጆች 1780 ሼሌ ሚባል ኬሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ከኮመጠጠ ወተት ነበር። እርጎም፣ የእንጀራ ሊጥም፣ ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ቆጮም ሚኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ ስለሚሰሩባቸው ነው፣ ከበላችሁት በኋላ ጉበት ይጨርሰዋል። ቡርሳሜ ከእርጎ ጋ መብላት ደም አሲድ ሚያደርግ ቢሆን ሲዳማ ውስጥ ጤነኛ ሰው ባልተገኘ ነበር። አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ፣ መጨረሻው ጥያቄ ላይ ታገኙታላችሁ።

"አሲድ አለብኝ" ብላችሁ ምትመጡት የጨጓራው ደሞ ሌላ አሲድ ነው፣ አይገናኙም።

ታዲያ መቼ ነው በሽታ ሚሆነው?

እረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ሰው ላክቴቱ ከ2 ሚሊሞል በሊትር በታች ነው። ከ4 በላይ ሆኖ (አንዳንዱ ሀኪም 5 ይላል) የደሙ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ደሞ ከ7.35 በታች ከወረደ ላክቲክ አሲዶሲስ ይባላል። የደም ፒኤች 7.35 እና 7.45 መሃል ላይ ነው ሚኖረው፣ ክፍተቷ በጣም ጠባብ ናት፣ ከ7.2 ሲወርድ ልብም የደም ስርም በቅጡ መስራት እየከበዳቸው ይመጣል።

ግን ላክቲክ አሲዶሲስ ብቻውን የቆመ በሽታ አድርጋችሁ እንዳታዩት። ጭስ ነው፣ እሳቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ ሀኪሙም ሚሯሯጠው እሳቱን ለማግኘት ነው።

ምልክቱ ምንድነው?

ክፋቱ ምልክቱ የማንኛውም ህመም ምልክት መሆኑ ነው፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ሆድ ቁርጠት፣ ድካም፣ የጡንቻ መዛል። ሰው ሁሉ ጨጓራ ነው ብሎ ነው ሚያልፈው። እኔ ጋ አንድ ልጅ መጥታ ለእናቷ ኦሜፕራዞል ሚባለውን የጨጓራ መድሃኒት ጠየቀችኝ፣ "ዶክተር ሶስት ቀኗ ነው፣ ያስመልሳታል" አለች (ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው እዚህ)፣ ስኳር አለባት ወይ ስላት አዎ ሜትፎርሚን (የስኳር ኪኒን ነው) ትወስዳለች፣ ተቅማጥም ይዟታል፣ ከትላንት ጀምሮ ሽንት አልሸናችም፣ ትንፋሿ ደሞ ተኝታም እንደሮጠ ሰው ነው አለችኝ። ኦሜፕራዞሉን አልሸጥኩላትም፣ ባጃጅ ያዢና አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት አልኳት።

ትንፋሹ ነው ዋናው። ሰውነት ደሙ ውስጥ የበዛውን አሲድ በካርቦንዳይኦክሳይድ መልክ በሳንባ ለማስወጣት ስለሚሞክር ሰውየው ምንም ሳይሰራ በፍጥነትና በጥልቀት ይተነፍሳል፣ ሳል የለም፣ ሳንባውም ሲደመጥ ንጹህ ሊሆን ይችላል። እሱ ላይ መደናገር፣ የእጅና እግር መቀዝቀዝ ወይ የሽንት መቅረት ከተጨመረ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ከምን ከምን ይመጣል?

በብዛት ሚመጣው ሰውነት ኦክስጅን ወይ ደም ሲያጥረው ነው፣ ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ገብቶ ግፊት ሲያወርድ (ሴፕሲስ ሚሉት)፣ ከወሊድ በኋላ ደም ሲፈስ፣ ልብ ሲደክም፣ አተት ይዞ ውሃ ከሰውነት ሲያልቅ፣ ከባድ ደም ማነስ ሲኖር። ሌላው ወገን ደሞ ኦክስጅን እያለ ሚመጣ ነው፣ የጉበት በሽታ፣ አንዳንድ መድሃኒት፣ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት፣ አንዳንድ ካንሰር፣ አልፎ አልፎም ህጻናት ይዘውት ሚወለዱት የሴል ችግር።

ወባን ለብቻ ልጥቀሳት ምክንያቱም ከተማችን ሐይቅ ዳር ናት፣ ትንኝ አይጠፋም። ፋልሲፓረም ሚባለው የወባ ዓይነት የያዛቸው ቀይ ሴሎች ጥቃቅን የደም ስር ላይ ተጣብቀው መንገድ ይዘጋሉ፣ ተባዩ ራሱም ስኳር እየበላ ላክቴት ያወጣል፣ ላክቴት 5 እና ከዛ በላይ ከሆነ በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ወባው ከባድ ከሚባለው ይመደባል። ወባ የያዘው ልጅ ደረቱ እየገባ በጥልቀት ሚተነፍስ ከሆነ ኪኒን ይዞ ቤት ሚመለስበት ጊዜ አይደለም፣ በመርፌ ሚሰጠው አርቴሱኔት ያስፈልገዋል።

ከሰል ያለበት ቤት ተኝቶ ራሱን የሳተ ሰውም ይሄ ነው ሚይዘው?

አዎ፣ እሱ ራሱ አንዱ መንገድ ነው። የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደም ላይ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በጠነከረ ሁኔታ ይጣበቃል፣ ስለዚ ሰውየው አየር እየሳበም ሴሉ ታፍኗል፣ ላክቴቱም ይጨምራል። ሽታ የለውም፣ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ስለጠፋ አደጋው አልፏል ማለት አይደለም፣ ክረምት ላይ ቡና ተፈልቶ ምድጃው እንዳለ በር ተዘግቶ ሚተኛበት ቤት ስንቱ ነው።

አንድ ነገር ደሞ፣ ጣት ላይ ሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ ይዋሻል። ካርቦን ሞኖክሳይዱን ከኦክስጅን ስለማይለየው 98 ምናምን ያሳያችኋል ሰውየው እየሞተ። ከሰል ቤት ውስጥ እንደነበረ ለሀኪሙ መንገር ከመለኪያው በላይ ይጠቅማል። በሩን ክፈቱ፣ ወደ ውጭ አውጡት፣ ኦክስጅን ወዳለበት ውሰዱት፣ ሽንኩርት ማሽተት ወተት ማጠጣት ሚባለው ጊዜ ማባከን ነው፣ ራሱን ለሳተ ሰው ደሞ አፉ ውስጥ ምንም አታድርጉ።

ሜትፎርሚን ያመጣል ስለተባለ ላቁመው?

በራሳችሁ አታቁሙ። ባንኮኒው ላይ በጣም ሚደጋገመው ጥያቄ ይሄ ነው፣ የሆነ ሰው ቪዲዮ አይቶ ይመጣና ግሉኮፋጅ (የሜትፎርሚን የንግድ ስሙ ነው) ደም አሲድ ያደርጋል አሉኝ ይላል። ፍርሃቱ ከሜዳ አልተነሳም፣ ፌንፎርሚን ሚባል የሱ ዘመድ የሆነ መድሃኒት ነበር፣ በዚሁ ችግር ምክንያት በፈረንጆች 1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከገበያ ወጣ። ሜትፎርሚን ግን እንደሱ አይደለም፣ 100,000 ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ቢወስደው ችግሩ ሚገጥማቸው ከ10 በታች ናቸው፣ እነሱም አብዛኞቹ ሌላ በሽታ የተደረበባቸው ናቸው።

ሚያሰጋው ኩላሊት ሲደክም ነው፣ ሜትፎርሚን ሚወጣው በሽንት ብቻ ስለሆነ ኩላሊት ካልሰራ ይጠራቀማል፣ ሲጠራቀም ደሞ ጉበት ላክቴትን ወደ ስኳር እንዳይመልስ ያግደዋል፣ ቦዩ ተደፈነ ማለት ነው። የኩላሊት የማጣራት አቅም (ጂኤፍአር ብለው ሚጽፉት) ከ30 በታች ከሆነ መውሰድ አይቻልም፣ ከ30 እስከ 45 ከሆነ ሀኪሙ መጠኑን ይቀንሳል። ስለዚ መጠየቅ ያለባችሁ "ሜትፎርሚን ጥሩ ነው ወይ" ሳይሆን "ኩላሊቴን መጨረሻ የተመረመርኩት መቼ ነው" ነው፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ።

ተቅማጥና ትውከት ይዟችሁ ፈሳሽ አልረጋ ካላችሁ ለጊዜው ማቆም አለባችሁ ወይ ብላችሁ በዛው ቀን ሀኪም ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ አዎ ነው፣ እስክትበሉና እስክትጠጡ። ትልቅ ኦፕራሲዮን ሲኖርም እንደዛው፣ በደም ስር ቀለም ተሰጥቶ ሚነሳ ሲቲ ስካን ካለና ኩላሊታችሁ ደከም ያለ ከሆነም ይቆምና ከ48 ሰዓት በኋላ ኩላሊት ታይቶ ይቀጥላል። ጾም ብቻውን ችግር አያመጣም፣ ጾም ላይ ተቅማጥ ሲደመር ነው።

የኤችአይቪ መድሃኒትስ ያመጣል ሲባል እሰማለሁ

ድሮ፣ አዎ። ስታቩዲን ሚባለው፣ ፊት አሞጥሙጦ ጉንጭ ሚያጠፋው መድሃኒት፣ የሴሉን ማቃጠያ ክፍል ስለሚጎዳ ላክቴት ይጨምር ነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2009 ቀስ በቀስ እንዲቀር መክሯል። አሁን አብዛኛው ሰው ሚወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበት አንድ ኪኒን እንደዛ አይነት ስጋት የለውም።

ግን ስኳርም ያለባችሁ ከሆነ ይቺን ያዙ፦ ዶሉቴግራቪር ሜትፎርሚን ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚይዘው ደም ውስጥ ያለውን መጠን በ80 ፐርሰንት ገደማ ከፍ ያደርገዋል፣ ሁለቱን አብሮ ሚወስድ ሰው ሜትፎርሚኑ በቀን ከ1000 ሚሊግራም ባይበልጥ ነው ሚመከረው። ችግሩ አንዱን ክሊኒክ አንዱን ፋርማሲ ስለምትወስዱ ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ባለሙያ ላይኖር ይችላል፣ በግልጽ መናገር ካፈራችሁ ወረቀታችሁን ብቻ አሳዩ፣ እኛ አይተን ዝም ማለት እንችላለን። መድሃኒት ለተላመደ ቲቢ ሚሰጠው ሊኔዞሊድም ሲረዝም ላክቴት ሊጨምር ይችላል፣ እሱን ሚወስድ ሰው ማስመለስና ፈጣን ትንፋሽ ካየ ቀጠሮውን አይጠብቅ።

አረቄስ?

ጉበት አልኮል ሲያጣራ ላክቴት ማጽዳቱን ወደ ኋላ ይተወዋል፣ ሳይበላ ቀናትን ሙሉ ሚጠጣ ሰው ላይ ደሞ ቫይታሚን ቢ1 ያልቃል፣ ያለሱ ሴሉ ስኳር እስከ መጨረሻ ማቃጠል አይችልም። ይሄኛው ደስ ሚለው ነገር ከተደረሰበት ቲያሚን (ቢ1 ራሱ ነው) በመርፌ ተሰጥቶ በሰዓታት ውስጥ ሊሻሻል መቻሉ ነው። ከጠጣ በኋላ አይኑ ብዥ ካለበት ግን መጠጡ ሜታኖል ሚባል መርዛማ አልኮል ሊኖርበት ስለሚችል በቀጥታ ሆስፒታል።

ሎሚ ወይ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ብጠጣ ያወርደዋል?

አያወርደውም። ሎሚው ጉዳት የለውም፣ ጥቅምም የለውም። ቤኪንግ ሶዳው ግን ብዙ ሶዲየም ስለሆነ ግፊት፣ የልብና የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው ራሱ አደጋ ነው። "ሰውነትን አልካላይን ሚያደርግ ውሃ" ብለው በውድ ሚሸጡላችሁንም እዚሁ ላይ ደምሩት።

ሆስፒታል ምን ያደርጉለታል?

እሳቱን ፈልገው ያጠፋሉ፣ ሌላው ሁሉ ጊዜ መግዣ ነው። ሴፕሲስ ከሆነ አንቲባዮቲክና ፈሳሽ፣ ደም ከፈሰሰ ደም፣ ኦክስጅን፣ ያመጣው መድሃኒት ከሆነ ማቆም፣ ሜትፎርሚን ተጠራቅሞ ከሆነ ዲያሊስስ (ደሙን በማሽን ማጣራት)፣ እሱ መድሃኒቱንም ላክቴቱንም ያጥባል። ባይካርቦኔት (አሲድን ሚያረክስ ነገር) በደም ስር ለምን አልሰጡትም ብላችሁ አትቆጡ፣ ሀኪሞች ራሳቸው ሚከራከሩበት ነው፣ ፒኤቹ በጣም ሲወርድ (7.1 አካባቢ) ወይ ኩላሊት ሲቆም ይሞክሩታል፣ ከዛ በመለስ ግን ቁጥሩን ያሳምረዋል እንጂ ሰውየውን አያድነውም።

ከዛ ላክቴቱን በየጥቂት ሰዓቱ ይለኩታል። ከ8 ወደ 5 የወረደ ሰው 5 ላይ ተገትሮ ከቀረ ሰው ይሻላል፣ አቅጣጫው ነው ሚታየው።

የሰቀሉልኝ ግሉኮስ ላይ "ላክቴት" ይላል፣ ላክቴት ጨመሩብኝ እንዴ?

እኛ ሀገር ሚንጠለጠል ሁሉ ግሉኮስ ነው ስሙ፣ ያያችሁት ግን ሪንገር ላክቴት ነው። ሊትሩ ውስጥ 28 ሚሊሞል ላክቴት አለው፣ ግን ሶዲየም ላክቴት ነው፣ አሲዱ የለበትም፣ ጉበት ውስጥ ሲገባ ወደ ባይካርቦኔት ይለወጣል፣ እንደውም አሲድን ሚቃወም ነገር ማለት ነው። ጉበቱ ጨርሶ የደከመ ሰው ላይ ብቻ ሀኪሞች ሌላ ፈሳሽ ይመርጣሉ።

ላክቴት 3.4 ወጣብኝ ግን ደህና ነኝ፣ ምን ማለት ነው?

ምናልባት ምንም። ክንዳችሁ ለረጅም ጊዜ በጎማ ታስሮ፣ "ጨብጥ ልቀቅ" እየተባላችሁ ከተቀዳ ይጨምራል። ደሙ ተቀድቶ ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ቱቦው ውስጥ ያሉት ቀይ ሴሎች ስኳር እየበሉ ላክቴት መስራታቸውን ይቀጥላሉ፣ ለዛ ነው በበረዶ ተይዞ ወይ ለዚሁ በተዘጋጀ ቱቦ ቶሎ መሄድ ያለበት። ደረጃ ሮጣችሁ ወጥታችሁ ከሆነ፣ ሚጥል በሽታ ተነስቶባችሁ ከነበረ፣ አስም ተነስቶ ሳልቡታሞል ደጋግማችሁ ከሳባችሁም ይጨምራል። ይደገም በሉ፣ እረፍት አድርጋችሁ፣ ክንድ ሳይታሰር።

ትኩሳት፣ የግፊት መውረድ ወይ ያ ፈጣን ትንፋሽ ካለ ግን ላብራቶሪው ተሳስቶ ነው ብላችሁ አትጽናኑ። የላክቴት ማሽን በሌለበት ጤና ተቋም ደሞ ሀኪሙ ከሶዲየም ላይ ክሎራይድና ባይካርቦኔትን ቀንሶ ክፍተቱን ያያል፣ ከ12 በላይ ከሄደ ያልተለካ አሲድ አለ ብሎ ይጠረጥራል፣ ስለዚ "ማሽን የለንም" ማለት ምንም አይታወቅም ማለት አይደለም።

ወንድሜ አንጀቱ ተቆርጦለታል፣ ከበላ በኋላ ሳይጠጣ እንደሰከረ ይሆናል፣ ላክቴቱ ግን ኖርማል ነው አሉን

ይሄ አንዴ ነው የገጠመኝ፣ ግን ቤተሰብ ውስጥ ጸብ ሚያስነሳ ነገር ስለሆነ እጽፈዋለሁ፣ ተደብቆ ይጠጣል ብለው ሲጠረጥሩት ነበር። ላክቴት ቀኝና ግራ እጅ እንደሚመሳሰሉት ሁለት መልክ አለው፣ የኛ ሴሎች ኤል ሚባለውን ነው ሚሰሩት፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ደሞ ዲ ሚባለውን ይሰራሉ። ትንሹ አንጀቱ ብዙው ተቆርጦ የወጣ ሰው ያልተፈጨ ስታርችና ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድበትና ባክቴሪያዎቹ እዛ ድግስ ይደግሳሉ፣ ዲ ላክቴት በገፍ ይወጣል፣ ሰውነታችን እሱን ሚያጸዳው በዝግታ ነው። አንደበት ይተሳሰራል፣ መራመድ ያቅታል፣ ይደናገራል። እህል ከልክ በላይ የበላች ላምም ሚይዛት ተመሳሳይ ነገር ነው፣ ከብት ሚያረባ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

የተለመደው ምርመራ ኤል ላክቴትን ብቻ ነው ሚለካው፣ ለዛ ነው ኖርማል ሚባለው፣ ያ የሶዲየምና ክሎራይድ ክፍተት ግን ሰፍቶ ይገኛል። ሄዳችሁ "አንጀቱ ተቆርጧል፣ ሚብሰው እንጀራ፣ ዳቦ ወይ ቆጮ በደንብ ከበላ በኋላ ነው" ብላችሁ በግልጽ ንገሩ፣ ሀኪሙ ምግቡን ያስተካክላል፣ ባክቴሪያውን ሚቀንስ በአፍ ሚወሰድ አንቲባዮቲክም ሊሰጥ ይችላል። ከላይ እርጎ ችግር የለውም ያልኩት ደሞ ለሌላው ሰው ነው፣ እርጎ ውስጥ ዲ ላክቴት ሚሰሩ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ ወንድማችሁ ሀኪም እስኪያየው ድረስ ይተወው።